402 ሜትር በጣና ዳር፦ ስለ ድራግ ሬስ የጠየቃችሁኝና የመለስኩላችሁ

እንደምን ሰነበታችሁ። ስለ ድራግ ሬስ ያሻችሁን ጠይቁኝ ብዬ ነበርና ጥያቄው በዛ፤ የሚመሳሰሉትን አንድ ላይ አድርጌያለሁ። ለማታውቁኝ፦ ኮሎራዶ ውስጥ መካኒክ ሆኜ ሠርቻለሁ፣ ቅዳሜና እሁዴም ትራክ ዳር የሰው ጎማ ስለካ ነው ያለፈው። አሁን ባሕር ዳር፣ አባይ ማዶ ጋራዥ አለኝ። ድራግ ሬስ ማለት ሁለት መኪና ከቆመበት ተነሥቶ ቀጥ ባለ መንገድ 402 ሜትር፣ ማለትም ሩብ ማይል፣ ወይም ግማሹን 201 ሜትር የሚሽቀዳደምበት ውድድር ነው። ኩርባ የለም፣ ዙር የለም።

ጥያቄ፣ ከቀበሌ 14፦ ጋሼ፣ ወንድሜ ከቨርጂኒያ ያስመጣው የ2006 ሞዴል መስታንግ ጂቲ አለን። 4.6 ሊትር፣ 300 ፈረስ ነው ይባላል። ወንድሜ ግን «እዚያ እያለ እንዲህ አልነበረም፣ ሞተሩ ደክሟል» ይላል። ላሳድሰው?

መልስ፦ መጀመሪያ ኮምፕሬሽኑን፣ ማለትም እያንዳንዱ ሲሊንደር አየሩን የሚጨምቅበትን ግፊት፣ አስለካ። ስምንቱም ሲሊንደር ተቀራራቢ ካነበበ ሞተሩን ማንም እንዳይከፍትብህ። የጎደለህ አየር ነው። ባሕር ዳር ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ እዚህ ያለው የአየር ግፊት ጠረፍ ላይ ካለው አራት አምስተኛ ያህል ነው። ተርቦ (አየር በግፊት የሚያስገባ መሣሪያ) የሌለው ሞተር የሚስበው አየር በቀነሰ ልክ ጉልበቱም ይቀንሳል፤ የአንተ 300 ፈረስ እዚህ 240 ገደማ ነው።

በሰዓት ሲመነዘር እንዲህ ነው። የመኪናውን ክብደት ከነሹፌሩ በፓውንድ ወስደህ ለፈረስ ጉልበቱ አካፍል፣ የውጤቱን ኩብ ሩት አውጣና በ5.825 አባዛ። የአንተ 3,700 ፓውንድ ገደማ ይሆናል። በ300 ፈረስ 13.5 ሰከንድ ይወጣል፣ በ240 ደግሞ 14.5። አንድ ሰከንድ ሙሉ ከፍታው ወሰደው ማለት ነው። ቀመሩ ጎማህ ሳይንሸራተት፣ አንተም ሳትሳሳት የሚገኘውን ነው የሚሰጥህ፤ በተግባር ከዚያ ትዘገያለህ።

ሙቀቱም አለ። ጠዋት 12 ዲግሪ ላይ ሞተሩ የሚያገኘው አየር 2,100 ሜትር ከፍታ ላይ እንዳለ ነው የሚቆጠረው። ከሰዓት በኋላ 28 ዲግሪ ሲሆን ግን 2,700 ሜትር ይደርሳል። ስለዚህ ጠዋት የለካኸውን ከሰዓት ከለካኸው ጋር አታወዳድር፤ ጋራዥ ውስጥ ሰው የሚጣላው በዚህ ነው።

ደግሞ ብቻህን አይደለህም። ዴንቨር አጠገብ ሞሪሰን ላይ የነበረው ባንዲሜር ስፒድዌይ ከፍታው ከባሕር ዳር ጋር እኩል ነው ማለት ይቻላል። በፈረንጅ ከ1958 እስከ 2023 ሠርቷል። እዚያ የሚሮጥ ሰው የዝቅተኛ ቦታ ሰዓት አይቶ አይናደድም፤ በ1951 የተመሠረተው የአሜሪካው የድራግ ሬስ ማኅበር፣ ኤንኤችአርኤ፣ ለከፍታ ቦታዎች የራሱ ማስተካከያ ቁጥር አለው።

ጥያቄ፣ ያው የቀበሌ 14ቱ፦ እሺ፣ ሞተሩን ካልነካሁ የመጀመሪያውን ብር ምን ላይ ላውጣው?

መልስ፦ የኋላ ጎማ ላይ። ሌላው ሁሉ ወረፋ ይጠብቅ።

ውድድሩ የሚወሰነው በመጀመሪያው 18 ሜትር ነው። አሜሪካኖቹ ስልሳ ጫማ ይሉታል፣ ለብቻው ይለኩታል። እዚያ ያተረፍካት አንድ አሥረኛ ሰከንድ መጨረሻው ላይ ከአንድ ተኩል እስከ ሁለት አሥረኛ ሆና ትቆጠርልሃለች። ጎማህ ከተንሸራተተ 240ውም ፈረስ ጭስ ነው። ድራግ ራዲያል የሚባለው ጎማ ለስላሳ ነው፣ በመንገድም መሄድ ይችላል፤ ዝናብ ላይ ግን ተጠንቀቀው፣ ቶሎም ያልቃል። እሱን እስክታገኝ ባለህ ጎማ ጀምር። የኋላውን ከ35 ወደ 28 ፒኤስአይ አውርድና ሞክር፣ ከዚያ ሁለት ሁለት እየቀነስክ የ18 ሜትሩን ሰዓት ጻፍ። ሰዓቱ መሻሻሉን ሲያቆም እዚያ ላይ ተው። የፊቱን ጠንከር አድርገህ ንፋው። ወደ ቤት ከመመለስህ በፊት ደግሞ ጎሚስታው ጋ ጎራ በል፤ በተነፈሰ ጎማ አስፋልት ላይ መፍጠን አይቻልም።

ስትነሣ ከኋላ ኳ ኳ ኳ የሚል ድምፅ ከሰማህና መኪናው በሙሉ ከተንቀጠቀጠ አክስሉ እየዘለለ ነው። ወዲያው ቤንዚኑን ልቀቅ፤ በዚያ ዝላይ ነው ዘንግና ዲፈረንሻል የሚሰበረው። ምክንያቱ አብዛኛውን ጊዜ አክስሉን የያዙት የታችኞቹ ክንዶች ጎሚኒ ነው፤ ከፋብሪካ ሲወጣ ለምቾት ተብሎ ለስላሳ የተደረገ ነው፣ በዚህ ዕድሜው ደግሞ ተሰነጣጥቋል። ክሪክ አስነሥተህ በብረት ዘንግ ገፋ አድርገህ እየው።

ቀጥሎ ክብደት። 45 ኪሎ በቀነስክ ቁጥር አንድ አሥረኛ ሰከንድ ገደማ ታገኛለህ። ስኮርቱን፣ ክሪኩን፣ የኋላ ወንበሩን አውርድ፤ ቤንዚን ሩብ ጋን ይበቃል። ይሄ ሁሉ በነፃ ነው። ኤርባግና ቀበቶ አይነካም።

ከዚያ የዲፈረንሻሉ ጥርስ፣ ማለትም ጎማው አንድ ጊዜ ሲዞር ዘንጉ ስንት ጊዜ እንደሚዞር። አውቶማቲክ ካምቢዮ ያለው የአንተ ዓይነት መስታንግ 3.31 ይዞ ነው የወጣው፣ ማንዋሉ 3.55። ወደ 3.73 ወይም 4.10 ብትቀይረው ከፍታው ከወሰደብህ የተወሰነውን ማስመለስ ነው። በሌላ በኩል ወደ ጎንደር ስትወጣ ሞተሩ ይጮሃል፣ ቤንዚንም ይበላል። መኪናው የዕለት መሄጃህ ከሆነ 3.73 ላይ ቁም።

ጥያቄ፣ ከፔዳ፦ ቪትዝ ነው ያለኝ፣ 1.0 ሊትር። ማርሚታውን ባስቆርጠው ስንት ፈረስ ይጨምራል?

መልስ፦ ጩኸት ይጨምራል። ጎረቤትህ ያሳዝነኛል።

ጥያቄ፣ ስሙን ያልጻፈ፦ ከፍታው ኦክስጅን ካሳጣን ከብየዳ ቤት የኦክስጅን ሲሊንደር ተከራይቼ ወደ አየር ማስገቢያው ብለቀውስ?

መልስ፦ አይሆንም! ንጹሕ ኦክስጅን ሲገባ የሚነድደው ቤንዚኑ ብቻ አይደለም፤ ፒስተኑ ራሱ ይቀልጣል። ከዚያ በፊት ደግሞ ቱቦው ውስጥ ዘይት ወይም ግራሶ ካለ በግፊት የወጣ ኦክስጅን ሲያገኘው ሊፈነዳ ይችላል። ብየዳ ቤት የሠራ ሰው ጠይቅ፤ በዘይት እጅ ሲሊንደሩን አያስነካህም። ለመኪና የሚሠራው ናይትረስ ኦክሳይድ ነው፤ እሱም ኦክስጅኑን የሚለቀው ሲሊንደር ውስጥ ሙቀት ሲያገኝ ነው፣ ከተመጠነ ተጨማሪ ቤንዚን ጋርም አብሮ ይገባል። በሐሳቡ ለከፍታ ቦታ ጥሩ መድኃኒት ነው። የሚሞላልህ ስታጣ ግን ያንን ሁሉ ዕቃ ለጌጥ ገዛህ ማለት ነው።

ጥያቄ፣ የፖሊ ተማሪ ነኝ፣ ሴት ነኝ፦ አባቴ ያቆየው የ1970ዎቹ ሼቭሮሌ አለን፣ ቪ8 ከነካርቡራተሩ። ጥቁር ጭስ አለው፣ ቤንዚንም ይሸታል። መካኒኮች ፋሻ ጨርሷል ይላሉ።

መልስ፦ እህቴ፣ ፋሻ (የፒስተኑ ቀለበት) የጨረሰ ሞተር የሚያጨሰው ሰማያዊ ነው። ጥቁር ጭስ ያልተቃጠለ ቤንዚን ነው። ያ ካርቡራተር ለዝቅተኛ ቦታ የተስተካከለ ከሆነ እዚህ ስስ አየር ላይ ያንኑ ያህል ቤንዚን ያፈስሳል። ዋናዎቹን ጄቶች፣ ማለትም ቤንዚን የሚያልፍባቸውን ቀዳዶች፣ በሁለት ወይም በሦስት ቁጥር አሳንሺ። አዲስ ጄት ካጣሽ አሮጌውን በሽቦ አትነካኪው፣ ቀዳዳው ከሰፋ አይመለስም።

መስተካከሉን ካንዴላው ይነግርሻል። አዲስ ካንዴላ አስገቢ፣ ሞተሩ በደንብ ይሙቅ። ሰውና መኪና እንዳይገባበት በተዘጋ መንገድ ላይ እስከ መጨረሻው ረግጠሽ ጥቂት ሰከንድ አስኪጂው፤ ከዚያ ማርሹን ነፃ አድርጊና ቁልፉን አንድ ደረጃ ብቻ መልሰሽ ሞተሩን አጥፊ። እስከ መጨረሻው ከመለስሽው መሪው ሊቆለፍ ይችላል። በራሱ ተንሸራትቶ ይቁም፤ ስራ ፈት እንዲዞር ከተውሽው ምልክቱ ይጠፋል። ካንዴላውን አውጥተሽ ነጩን ሸክላ በመብራት እዪ። ደረቅ ጥቁር ጥላሸት ካለበት ቤንዚኑ ገና ብዙ ነው። ፈዘዝ ያለ ቡናማ ከሆነ ተስተካክሏል። ነጭ ሆኖ እንደ ብናኝ የሚያብረቀርቁ ነጠብጣቦች ካሉበት አቁሚ፤ እነዚያ ከፒስተኑ የተነሡ አሉሚኒየም ናቸው። ስምንቱንም በየተራ ደርድሪያቸው፤ አንዷ ለብቻዋ ከጠቆረች ችግሩ የዚያች ሲሊንደር ነው፣ የካርቡራተሩ አይደለም።

አንድ የሚያጽናና ነገር፦ ከፍታ ላይ ተርቦ የሌለው ሞተር የማንኳኳት ጠባዩ ይቀንሳል። ለዚህ ነው ኮሎራዶ ውስጥ መደበኛው ቤንዚን 85 ኦክቴን (ማንኳኳትን የመቋቋም መለኪያ) የሆነው፣ አብዛኛው የአሜሪካ ክፍል 87 ሲሸጥ።

ጥያቄ፣ ከዘንዘልማ፦ ተርቦ ወይስ ሱፐርቻርጀር?

መልስ፦ ለእኛ ከፍታ ተርቦ። በጭስ ማውጫው ግፊት ስለሚዞር አየሩ ሲሳሳ ፈጥኖ በመዞር ያካክሳል፤ አየሩ ግን ይበልጥ ይግላልና ማቀዝቀዣው ጥሩ መሆን አለበት። ሱፐርቻርጀር ከሞተሩ ጋር በቀበቶ ስለታሰረ ፑሊው ካልተቀየረ ፍጥነቱ ያው ነው፤ ከፍታው ለሞተሩ ያደረገውን ለሱም ያደርግበታል። ግን ሁለቱንም ከመግዛትህ በፊት ቢየላውን፣ ፒስተኑን የሚይዘውን የብረት ክንድ፣ አስብ፤ ያ የ4.6 ሊትሩ መስታንግ ቢየላ ለ300 ፈረስ የተሠራ ነው። የቤንዚን ፓምፑን፣ ኢንጀክተሩን፣ ፕሮግራሙን፣ ፍሪሲዮኑን ስትደምር የተርቦው ዋጋ ትንሹ ወጪ ይሆናል።

ጥያቄ፣ ሦስት ሰዎች በተለያየ አነጋገር የጠየቁት፦ ሌሊት አዲሱ ድልድይ ላይ ብንሞክርስ?

መልስ፦ በ2016 ዓ.ም ግንቦት የተመረቀው የዓባይ ድልድይ ርዝመቱ 380 ሜትር ነው። ሩብ ማይል ራሱ አይሞላበትም። መስታንጉ 402 ሜትሩን ሲጨርስ በሰዓት 150 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ነው፤ ለማቆም ቢያንስ ሌላ ያን ያህል ንጹሕ መንገድ ይፈልጋል። በሌሊት ደግሞ መብራት የሌለው ባጃጅ አለ፣ እግረኛ አለ። መንገድ ላይ ለሚሮጥ ሰው ጎማም አልሸጥም፣ ምክርም አልሰጥም። ቦታ የሚገኘው ማመልከቻ ተጽፎ፣ ከከተማውና ከትራፊክ ፖሊስ ፈቃድ ወጥቶ፣ መንገዱ በሁለቱም ጫፍ ተዘግቶ፣ አምቡላንስ ቆሞ ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ 201 ሜትር ጠይቁ፤ ፍጥነቱም ያነሰ ነው፣ ማቆሚያውም ይበቃል።

ጥያቄ፣ ከጊዮርጊስ አካባቢ፣ አባት ነኝ፦ ልጄ በዚህ ነገር ልቡ ጠፍቷል። ልከልክለው ወይስ ልተወው?

መልስ፦ አባቴ፣ ልከልክል ቢሉ ተደብቆ ነው የሚሄደው። ገንዘብ ሲጠይቅዎት ግን መጀመሪያ ለፍሬን ይስጡት። የፍሬን ዘይት እርጥበት ይስባል፤ ያረጀ ከሆነ ፍሬኑ ሲግል ይፈላና ፔዳሉ እስከ ወለሉ ይሰምጣል። ጎማውንም እርስዎ ራስዎ ሊያዩት ይችላሉ፦ ጎኑ ላይ «ዶት» ከሚለው ጽሑፍ መጨረሻ አራት አኃዝ አለ። 2319 ካለ በፈረንጅ በ2019 በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ማለት ነው። ጥርሱ አዲስ ቢመስልም ያረጀ ጎማ ለውድድር አይሆንም። በኤንኤችአርኤ ደንብ ሩብ ማይሉን ከ14 ሰከንድ በታች የሚገባ ሰው ሄልሜት ግዴታው ነው፤ ልጅዎ ግን ባይደርስበትም ያድርግ። 11.49 የደረሰ ደግሞ ጣሪያው ስር የብረት መከላከያ ማስገባት አለበት። ባትሪውን ወደ ኋላ ኮፈን ካዛወረ ከውጭ የሚጠፋበት ማብሪያ ማጥፊያ ያስፈልጋል።

ጥያቄ፣ ከሽምብጥ፦ እኛ ኮሮላ ያለን ሰዎች ታዲያ ተመልካች ሆነን መቅረታችን ነው?

መልስ፦ ይሄን ጥያቄ ስጠብቀው ነበር፤ ከሁሉ የምወደው ውድድር የናንተ ነውና። ብራኬት ይባላል። እያንዳንዱ ሰው መኪናዬ በስንት ሰከንድ ይጨርሳል የሚለውን አስቀድሞ ያስመዘግባል። ኮሮላህ 19.0፣ መስታንጉ 14.5 ብላችሁ ካስመዘገባችሁ አንተ 4.5 ሰከንድ ቀድመህ ትለቀቃለህ። ሁለታችሁም ያላችሁትን ካደረጋችሁ መጨረሻው መስመር ላይ እኩል ትደርሳላችሁ፤ የሚያሸንፈው አረንጓዴው መብራት ላይ ቶሎ የነቃው ነው። ከአረንጓዴው በፊት የተነሣ ተሸነፈ። ካስመዘገበው ሰዓት በታች የገባም ተሸነፈ፣ ስለዚህ ከአቅሙ የዘገየ ሰዓት አስመዝግቦ ማታለል የለም።

መብራቱ ሦስት ብርቱካናማ በግማሽ ግማሽ ሰከንድ ልዩነት እየበራ ይወርድና አረንጓዴ ይሆናል። አረንጓዴውን የሚጠብቅ ሰው ዘግይቷል፤ የለመደው በመጨረሻው ብርቱካናማ ነው የሚረግጠው። የመኪናህ ሰዓት ደግሞ መቆጠር የሚጀምረው ጎማህ መነሻው መስመር ላይ ካለው የመቆጣጠሪያ ጨረር ሲወጣ እንጂ መብራቱ ሲበራ አይደለም። ለዚህ ነው በተሻለ ሰዓት ገብቶ የሚሸነፍ ሰው ትራክ ዳር ሲጮህ የምታየው። እዚህ ላይ ሁሌ አንድ ዓይነት የሚሮጥ አሮጌ ኮሮላ ከተነካካ መስታንግ ይሻላል።

ጥያቄ፣ ከአባይ ማዶ፦ ቤንዚን መኪና ማስገባት ከተከለከለ ወዲህ ኤሌክትሪክ ነው የሚገባው። እሱስ ይሮጣል?

መልስ፦ ድምፁ ባይኖርም መልሴን አልደብቅም፦ ይሮጣል። ሞተሩ አየር አይስብም፣ ስለዚህ ከፍታው አንድ ፈረስ አይወስድበትም፤ እንዲያውም ስሱ አየር ሲገፋው ያነሰ ይቃወመዋል። ቴስላ ሞዴል ኤስ ፕላይድ ሩብ ማይሉን በ9.2 ሰከንድ ገደማ ይጨርሳል። እኛ ሰፈር የሚታዩት ቤተሰብ መጫኛዎች ያን ያህል አይደሉም፤ ግን ከቆሙበት ሲነሡ ጉልበታቸውን ወዲያው ስለሚሰጡ የመጀመሪያው 18 ሜትር ላይ ብዙ ቤንዚን መኪና ያሳፍራሉ። ባትሪው ሳይጎድል ሩጥ፣ በመሐል ይቀዝቅዝ። ክብደታቸው ግን ከባድ ነው፣ ስለዚህ ፍሬኑን በተመለከተ ለአባትየው የነገርኳቸውን አንብብ።

ጥያቄ፣ ከቀበሌ 14፣ ለመጨረሻ ጊዜ፦ ይሄን ሁሉ ስቀይር ቦሎ ላይ አልቸገርም?

መልስ፦ ጎማ፣ ጎሚኒ፣ የዲፈረንሻል ጥርስ አያስቸግርህም። ለምርመራ ስትሄድ የኋላ ወንበሩና ስኮርቱ ቦታቸው ይመለሱ፣ ማርሚታውም እንደነበረ ይሁን። ሞተር ከቀየርክ ነው ጣጣው፤ ሊብሬው ላይ የሞተር ቁጥር አለ፣ ለውጡን አስቀድመህ መንገድ ትራንስፖርት ሄደህ አስመዝግብ። ጎሚኒውን ለማየት ሐሙስ ጠዋት መኪናውን አምጣው።