የዓይን ቆቤ ለምን ያብጣል?

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ ዕድሜዬ 34 ነው። የፊቴን ክሬም ስድስት ዓመት ሙሉ አልቀየርኩም። ከወለድኩ አምስተኛ ወሬ ነው፤ ከሁለት ወር ወዲህ የዓይን ቆቤ እያበጠ ያሳክከኛል፤ የጣቶቼ ጫፍም ይሰነጣጠቃል። «ተፈጥሯዊ፣ ከፓራቤን ነፃ» የተባለ ክሬም ብገዛም ባሰብኝ። ምን ይሻለኛል?

መልስ፦ እህቴ፣ ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት፤ ልቤን የያዘው የጣቶችሽ ነገር ነው። የሕፃን እናት በቀን ስንት ጊዜ እርጥብ ሶፍት ትይዛለች! ሶፍቱ እንዳይሻግት ማቆያ ኬሚካል ይገባበታል። ከእነዚህም ሜቲልአይሶቲያዞሊኖን የሚባለው በብዙ ሰው ላይ የቆዳ አለርጂ አስነሥቷል። እጅሽ ዓይንሽን ይነካል፤ የዓይን ቆብ ደግሞ ቆዳው እጅግ ስስ ስለሆነ ቶሎ ይቆጣል። ሕፃኑ ደህና ሆኖ እናቱ ስትታመም ደጋግሜ አይቻለሁ።

የአውሮፓ ኅብረት ይህን ኬሚካል ተቀብተው ሳይታጠቡ በሚቆዩ መዋቢያዎች ውስጥ ከ2017 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ከልክሎታል፤ ሁሉም አገር ግን አልከለከለውም። በግድግዳ ቀለምም ውስጥ ይገኛል። የሕፃኑን ክፍል በቅርቡ አስቀብታችሁ ከሆነ ከግድግዳው የሚተነው ብቻ ፊትሽን ሊያሳብጠው ይችላል።

የቀድሞው ክሬምሽም ቢሆን ከጥርጣሬ አይወጣም። ቆዳ ለዓመታት የታገሠውን ነገር አንድ ቀን ሊጠላው ይችላል፤ ከዚያ በኋላ አይረሳውም። ሽፍታው የሚወጣው ከተቀቡ ከአንድ ወይም ከሁለት ቀን በኋላ ስለሆነም ጥፋተኛውን መለየት ያስቸግራል። «ተፈጥሯዊ» የሚለው ቃል ግን ያናድደኛል። ውኃ ያለበት ክሬም ሁሉ እንዳይበላሽ የሚጠብቀው ነገር ያስፈልገዋል። በከንቱ የሚፈራው ፓራቤን አለርጂ በማስነሣት ከማቆያዎች ሁሉ የመጨረሻዎቹ ውስጥ ነው፤ እሱን ያወጡ አምራቾች በምትኩ የባሰውን ያስገቡበት ጊዜ ነበር።

ከዛሬ ጀምሮ ሕፃኑን በውኃና በጥጥ አጽጂው። ሁለቱንም ክሬሞች ትተሽ ሽቶ የሌለው ንጹሕ ቫዝሊን ብቻ ተቀቢ፤ ውኃ ስለሌለበት ማቆያ አይፈልግም። ስቴሮይድ ያለበትን ቅባት ሐኪም ሳያዝልሽ ዓይንሽ አጠገብ አታድርሺ።

ከዚያ የቆዳ ሐኪም ዘንድ ሄደሽ የፓች ምርመራ ጠይቂ። የተጠረጠሩት ኬሚካሎች በጥቂት በጥቂቱ ጀርባሽ ላይ ተለጥፈው 48 ሰዓት ይቆያሉ፤ ውጤቱ ታይቶ እስኪያልቅ ጀርባሽን ውኃ አይነካውም። ውጤቱ ልጣፉ ሲነሣና ከዚያ ከሁለት ቀን በኋላ እንደገና ይታያል፤ ከሁለተኛው ቀጠሮ አትቅሪ፣ ብዙው አለርጂ የሚታየው ያን ጊዜ ነውና። ስትሄጂ የምትቀቢውንና የምትታጠቢበትን ሁሉ ከነማሸጊያው ያዢ፤ የሶፍቱንም ባዶ ከረጢት ጭምር።