«የጻፍኩትን የት ነው መልሼ የማየው?»

ባለፈው እሑድ ቡና ላይ የጎረቤቴ ልጅ አንድ ጥያቄ ጠየቀችኝ። ፖሊ ቴክኒክ ሁለተኛ ዓመት ተማሪ ነች። «ጋሼ፣ ፍሮንትኤንድ ይሻለኛል ወይስ ባክኤንድ?» አለችኝ። በድረ ገጽ ሥራ፣ ሰው የሚያየውን ፊቱን ልማር ወይስ ከኋላ ያለውን ማለቷ ነው። መልሱ ከባድ አይደለም፤ አፌ ላይ ግን ቀረ። ድሮ የማውቃቸው አንዲት የካርድ ክፍል ሠራተኛ ድቅን አሉብኝ። ሳምንቱን ሙሉ ከሐሳቤ አልወጡም። ለእሷም ለእናንተም ልጻፈው ብዬ ተቀመጥኩ።

ጊዜው 2001 ዓ.ም. ነው። እዚሁ ባሕር ዳር፣ ስሙን በማልጠራው አንድ ሕክምና ቦታ፣ የዓይን ሞራ ቀዶ ሕክምና በዘመቻ ሊሰጥ ነው ተባለ። ሐኪሞቹ ከሌላ ቦታ መጥተው የሚቆዩት ለጥቂት ቀን ነው። ስለዚህ ሕመምተኛው ቀድሞ ይመዘገባል፤ ተራው ሲደርስ በቀበሌው በኩል ይነገረዋል። የምዝገባውን ፕሮግራም እንድሠራ የተሰጠኝ ለእኔ ነበር። ፕሮግራሙን በፒኤችፒ ቋንቋ ጻፍኩት፤ የተመዘገበው የሚቀመጠው ማይኤስኪውኤል በሚባል ዳታቤዝ ሰንጠረዥ ውስጥ ነው።

ገጹን ለማሳመር ሁለት ሳምንት ፈጀሁ። መደቡን የጣናን ውኃ አስመሰልኩት፤ ጥግ ላይ የደንገል ታንኳ አስቀመጥኩ። ስም ተጽፎ ሲላክ «እናመሰግናለን» ይልና ስሙን በሚያምር ፊደል መልሶ ያሳያል። የተመዘገቡትን ሁሉ ዘርዝሮ የሚያሳየውን ገጽ ግን አልሠራሁትም። እሱ ይደርሳል አልኩ።

መዝጋቢዋ እትዬ ዕድሜያቸውን ካርድ ክፍል የጨረሱ ሰው ናቸው። ዳሩ የተበላ ትልቅ ባሕር መዝገብ ነበራቸው። «እትዬ፣ ከዛሬ ጀምሮ ይሄ ይቅርብዎ፤ ለምን ሁለት ጊዜ ይደክማሉ?» አልኳቸው። ትንሽ ዝም አሉ። «ልጄ፣ የጻፍኩትን የት ነው መልሼ የማየው?» አሉኝ። «ኮምፒውተሩ ይዞልዎታል» አልኩ። እሺ ብለው መዝገቡን ከደኑት።

ምዝገባው ሦስት ሳምንት ቆየ። ጠዋት ጠዋት ከዘጌ የሚመጣውን ጀልባ አየው ነበር። ከቡና ጆንያው መሐል ሽማግሌዎች በልጅ ልጆቻቸው ትከሻ ተደግፈው ይወርዳሉ። ያኔ ወደቡ አካባቢ አሳ የሚጠብሱ ሴቶች ነበሩ። የቆሮሶው ሽታ አሁንም አፍንጫዬ ላይ አለ። እትዬም ከዚያ ገዝተው አንድ ቀን ምሳ ጋብዘውኛል። እና ሽማግሌዎቹ በመስኮቱ ስማቸውን ይናገራሉ፤ እትዬ በሁለት ጣት ይጽፋሉ፤ ገጹ «እናመሰግናለን» ይላል። ሁሉም ደስ ብሎት ይሄዳል።

ዝርዝሩ ለየቀበሌው የሚላክበት ቀን ሰንጠረዡን ከፈትኩት። ስም፦ ??? ????። ቀበሌ፦ ????። ዕድሜ፦ 68። ቀጣዩም እንዲሁ። እስከ ታች ድረስ የጥያቄ ምልክት ብቻ።

የሆነው ይህ ነው። ኮምፒውተር ፊደልን በቁጥር የሚያስቀምጥበት ዘዴ ብዙ ነው። ገጼም ከዳታቤዙ ጋር ያገናኘሁበት መስመርም ዩቲኤፍ-8 በሚባለው ነበሩ፤ እሱ ፊደላችንን ያውቃል። ሰንጠረዡ ግን ላቲን-1 ነው። በዚያን ጊዜ ማይኤስኪውኤል ሌላ ካላዘዝከው የሚሰጥህ እሱን ነበር። ላቲን-1 የሚይዘው ከ256 የማይበልጥ ምልክት ነው፤ ግዕዝ ከነዚያ ውስጥ የለም። ስለዚህ እያንዳንዱን ፊደል ወደ ጥያቄ ምልክት ቀይሮ አስቀመጠው። ቁጥሮቹን አልነካቸውም። ስህተት ብሎም አላቆመኝም። «እናመሰግናለን» የሚለው ገጽ ደግሞ ስሙን የሚያሳየው ከሰንጠረዡ አንብቦ አልነበረም። እትዬ አሁን የጻፉትን ራሱን ነበር የሚመልስላቸው። ስሙ ተቀምጦ ይሁን አይሁን አያውቅም።

እስከ ማታ አብረን ተቀመጥን። ሦስት ጥያቄ ምልክት ሲያዩ እትዬ «አበበ ይሆን? ከበደ ይሆን? አለሙ?» ይላሉ። ስልክ የነበራቸውን ደውለን አገኘን። ብዙዎቹ ግን ስልክ አልነበራቸውም። በአፍ አስነገርን፤ የደረሰው ደረሰው።

ሐኪሞቹ ከሄዱ በኋላ አንድ ሽማግሌ በሕፃን ልጅ ተመርተው ከደቅ ደሴት መጡ። «ተራዬን ልጠይቅ ብዬ ነው» አሉ። እትዬ ስማቸውን ጠየቋቸው። ባሕር መዝገቡን ከፍተው በእስክሪብቶ ጻፉት። ወደ እኔ አልዞሩም። እኚያ ሰው ከዚያ በኋላ ዓይናቸው በርቶላቸው እንደሆነ አላውቅም።

እንግዲህ ስለ ጥያቄው። ብዙ አስተማሪዎች ፍሮንትኤንድን በአስተናጋጅ፣ ባክኤንድን በኩሽና ይመስላሉ። እኔ አልወደውም። ለእኔ ፍሮንትኤንድ ስምህን የሚጠይቅህ መስኮት ነው። የገጹን አካል የሚያቆመው ኤችቲኤምኤል፣ የሚያሳምረው ሲኤስኤስ፣ የሚያንቀሳቅሰው ጃቫስክሪፕት እዚያ ናቸው፤ የሚሠሩትም በተጠቃሚው ስልክ ወይም ኮምፒውተር ላይ ነው። ባክኤንድ ከመስኮቱ ጀርባ ያለው ካርድ ክፍል ነው። ከገጹ የተላከውን ተቀብሎ የሚመልሰው ሰርቨርና መረጃው የሚቀመጥበት ዳታቤዝ እዚያ ናቸው። ማን ምን ማየት ይችላል፣ ምን ይቀመጣል የሚለው የሚወሰነው እዚያ ነው። መስኮቱ ላይ የምታደርጉትን ቁጥጥር ማንም ተጠቃሚ ሊያልፈው ይችላል። ስለዚህ ካርድ ክፍሉ ራሱ እንደገና ማጣራት አለበት።

ከየቱ ይጀመር ካላችሁ፣ ከባክኤንድ እላለሁ። ውሂብ፣ ማለትም ዳታው፣ ከሁሉ ይቀድማል። ግን ደግሞ እኔ ራሴ በዚህ ሥራ ፍቅር የወደቅኩት የመጀመሪያውን ገጽ ስክሪን ላይ ሳይ ነው። ያ ደስታ ባይኖር አልቆይም ነበር። እንግዲያው ከገጹ ጀምሩ፤ እዚያ ግን አትክረሙ። ጃቫስክሪፕት እ.ኤ.አ. ከ2009 ጀምሮ ኖድ ጄኤስ በሚባል ፕሮግራም በኩል ሰርቨር ላይም ይሠራል፤ በአንድ ቋንቋ ሁለቱንም ወገን ማየት ትችላላችሁ። እኛ ይህ ዕድል አልነበረንም።

የዛሬ ልጆች ፈጣን ናችሁ፤ እወድላችኋለሁ። የሚያሳስበኝ ገጽ መሥሪያ የሆነውን ሪአክት ጀምራችሁ፣ አንድ ፎርም ሲላክ ምን እንደሚሆን ሳታዩ ዓመት ማለፉ ነው። ኮዱንም አሁን ኤአይ ይጽፍላችኋል። ሲያምር ደግሞ በጣም ያምራል። የእኔም ያምር ነበር።

እንግሊዝኛ አሻሽሉ፣ በየቀኑ ተለማመዱ የሚለውን ሌሎች ይነግሯችኋል። አንቺ ልጄ ግን ቅዳሜ ከሰዓት ላፕቶፕሽን ይዘሽ ነዪ። አንዲት ሳጥንና አንድ ቁልፍ ያላት ገጽ እንሠራለን። ስምሽን በአማርኛ ጽፈሽ ትልኪያለሽ። ብራውዘሩ ላይ ኤፍ12 ተጭነን፣ ገጹ የሚልከውን በሚያሳየው ኔትወርክ በሚለው ክፍል ስምሽ ሲሄድ እናየዋለን። ከዚያ ሰንጠረዡን እንከፍታለን፤ ስምሽ እዚያ መኖሩን በዓይንሽ ታነቢያለሽ።