«ብሬሱን አውጡልኝ» ለምትል ልጅ

ጥያቄ፦ የ14 ዓመት ልጄ ብሬስ (የጥርስ ማስተካከያ ሽቦ) ካሰረች ዘጠነኛ ቀኗ ነው። የላይኛው የፊት ጥርሶቿ ወደ ውጭ ወጣ ስላሉ ነው ያሳሰርንላት። ጉንጯ ውስጡ ቆስሏል፤ ከአጥሚት በቀር አትቀምስም። ክፍል ውስጥ እጇን ማውጣት ትታለች፤ «አውጡልኝ» እያለች ታለቅሳለች። ላስወጣላት?
እናት፣ ከአዳማ

መልስ፦ አያስወጡት። «ቻይው» ብለው ግን አይለፏት።

ሽቦው ጥርሱን ሲገፋ፣ ጥርሱን ከመንጋጋ አጥንት ጋር የያዘው ቀጭን ጅማት ይጨመቃል። ሕመሙ በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ይጀምርና በ24 ሰዓት ገደማ ይብሳል፤ አብዛኛውን ጊዜ በሳምንት ይለቃል። በዘጠነኛው ቀን የሚያስለቅሳት እንግዲህ ቁስሉ ሳይሆን አይቀርም፤ እሱ ደግሞ መፍትሔ አለው። እጅዎን ታጥበው ጉንጯን ገለጥ ያድርጉና በባትሪ ይዩ። የሚፈትጋት ብራኬት (ሽቦውን ለመያዝ ጥርሱ ላይ የተለጠፈው ትንሽ ቁራጭ) ከሆነ፣ የአተር ፍሬ የሚያህል የብሬስ ሰም በጣትዎ አለስልሰው ይለጥፉበት። ብራኬቱን አስቀድመው በንጹሕ ፋሻ ያድርቁት፤ እርጥብ ላይ ሰም አይዝም። ከኋለኛው ጥርስ የወጣ የሽቦ ጫፍ ካዩ ግን ሰሙ ለዛሬ ማታ ብቻ ነው፤ ቀጠሮ ሳይጠብቁ ወስደው ያስቆርጡላት። በጥፍር መቁረጫ አይሞክሩት፤ ቁራጩን ልትውጠው ትችላለች። ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው በአንድ ብርጭቆ ለብ ያለ ውሃ በጥብጠው በቀን ሦስት አራት ጊዜ ትጉመጥመጥና ትትፋው።

ስኳር የገባበት አጥሚት ቀኑን ሙሉ ሲጠጣ ብራኬቶቹ ዙሪያ ይቆያል፤ ጥርሱ በደንብ ካልጸዳ በአንድ ወር ውስጥ እንኳ ነጭ ነጠብጣብ ሊወጣ ይችላል። ብሬሱ ሲወልቅም ነጠብጣቡ ላይጠፋ ይችላል። ሽሮ ፍትፍት፣ ገንፎ፣ እንቁላል፣ የተቀቀለ ድንች ይስጧት። ቆሎ፣ ዳቦ ቆሎ፣ የበቆሎ ጥብስና አገዳ ሕክምናው እስኪያልቅ ይቅሩ፤ ብራኬት በተነቀለ ቁጥር ጊዜው ይረዝማል። መፋቂያ ከሽቦው ሥር አይደርስም፤ ብሩሹን ከሽቦው በላይ ወደ ታች፣ ከሽቦው በታች ደግሞ ወደ ላይ ዘንበል አድርጋ እያንዳንዱን ጥርስ ትቦርሽ። እናንተ አካባቢ፣ በስምጥ ሸለቆ፣ የብዙ ጉድጓዶች ውሃ ፍሎራይድ ይበዛበታል። ጥርሷ በዚህ ምክንያት ቡናማ ከሆነ ብራኬት ቶሎ ሊለቅ ስለሚችል ሐኪሙ ይህን ይወቀው።

እጅ ማውጣቱን በተመለከተ፦ ልጆችን ስለ አበላል፣ አነጋገርና አሳሳቅ እየጠየቁ የሚለኩ ጥናቶች፣ የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የኑሮ ሁኔታቸውን ዝቅ እንደሚያደርጉት፣ ከዚያ እንደሚያገግም፣ ሕክምናው ሲያበቃ ደግሞ ከመነሻው እንደሚሻል ያሳያሉ። ማታ ማታ አሥር ደቂቃ ጮክ ብላ ታንብብልዎ፤ ምላሷ ይለምዳል። የሚያሾፍባት ካለ የክፍል ኃላፊዋን ያነጋግሩ፤ ለዚያ ብሬሱን ማስወጣት መልስ አይሆንም።

ብሬስ በራስ መተማመንን ይሰጣል ብለው ግን ቃል አይግቡላት። በዌልሷ ካርዲፍ እ.ኤ.አ. በ1981 ተጀምሮ ተማሪዎችን 20 ዓመት የተከታተለ ጥናት፣ በልጅነት ጥርስ ማስተካከል በጎልማስነት የሥነ ልቦና ጤና ላይ ያመጣው ለውጥ እምብዛም ሆኖ አግኝቶታል። ወጣ ያሉ የፊት ጥርሶች በውድቀትና በኳስ የመሰበር ዕድላቸው ከፍ ያለ መሆኑ ግን የታወቀ ነው። ያሰረችበትን ምክንያት ይህን ብለው ይንገሯት፤ አሥራ አራት ዓመት ለሆናት ልጅ በቂ ምክንያት ነው።

ጥያቄ፦ ብሬሴ ከወለቀ አራት ወሩ ነው። ሪቴይነሬ (ከብሬስ በኋላ ጥርሱ ከቦታው እንዳይነቃነቅ የሚደረገው) ከጠፋብኝ ሦስት ሳምንት ሆነ፤ ቀጠሮዬን ልጠብቅ?
የ17 ዓመት ተማሪ፣ ከደሴ

መልስ፦ አትጠብቅ፤ በዚህ ሳምንት ሄደህ አዲስ ልክ አስወስድ። በጥርስህ ዙሪያ ያሉት የድድ ጅማቶች አዲሱን ቦታ እስኪለምዱ እስከ አንድ ዓመት ይፈጃሉ፤ እስከዚያ ጥርሱን ወደ ቀድሞ ቦታው ይጎትቱታል። አዲሱን ስትበላ በሶፍት ጠቅልለህ ጠረጴዛ ላይ አትተወው፤ ከትራፊ ጋር ተጠርጎ የሚጣለው እንዲህ ነው። በሙቅ ውሃም አትጠበው፤ ይጣመማል።