ከባንዱ ልውጣ ወይስ ልቆይ?

ጥያቄው የመጣው ከድሬዳዋ፣ ከሳቢያን ነው። ጠያቂው የ22 ዓመት ወጣት ነው። ሒሳብ አያያዝ ያጠናል፤ ለመመረቅ አንድ ዓመት ቀርቶታል። ከ3 ጓደኞቹ ጋር የሮክ ባንድ አላቸው። እሱ ይዘፍናል፣ ጊታር ይጫወታል፣ ግጥምና ዜማም ያመጣል። ቅዳሜ ማታ ሆቴል ይሠራሉ፤ እዚያ ግን የሚጠየቁት የሰው ዘፈን ነው። “ዘፈኖቹ የኔ ናቸው፣ ክፍያው ግን ለ4 ይካፈላል። ትምህርቴን አቋርጬ አዲስ አበባ ብገባና ብቻዬን ብሠራስ?” ይላል።

በድሬ ልማድ “አንተ” እያልኩ ልመልስልህ።

ትምህርቱን ጨርሰው። የቀረህ አንድ ዓመት ነው። የመጀመሪያ ሥራህን የምታስቀዳው በራስህ ገንዘብ ነው፤ ገንዘቡ ከሆነ ቦታ መምጣት አለበት። ሒሳብ የሚያውቅ ሙዚቀኛ ደግሞ ውል ሲቀርብለት ምን እየፈረመ እንደሆነ ይገባዋል። በዚህ ላይ ብዙ አልልም።

“ዘፈኖቹ የኔ ናቸው” ያልከውን ግን ደጋግሜ አነበብኩት። አንድ ነገር ልጠይቅህ። ያለ ድራም፣ ያለ ቤዝ፣ ያለ ዲስቶርሽን (የጊታሩን ድምፅ ሆን ብሎ የሚያሻክረው መሣሪያ)፣ አንድ አኮስቲክ ጊታር ብቻ ይዘህ ለእናትህ ብትዘፍንላት ዘፈኑ ይቆማል? ሮክ ድምፁ ትልቅ ነው። ድራመሩ ሲመታና አምፕሊፋየሩ ሲጮህ ደካማ ዜማም ጠንካራ ይመስላል። ከባንዱ ስትወጣ መጀመሪያ የምታጣው ይህንን ሽፋን ነው። ስለዚህ አመሻሽ ላይ፣ ሙቀቱ በረድ ሲል፣ ግቢያችሁ ውስጥ ለ3 ወይም ለ4 ሰው ዝፈን። የቱ ላይ ጸጥ ብለው እንደሚሰሙህ፣ የቱ ላይ ስልካቸውን እንደሚያነሱ አስተውል። እንዲህ ተፈትነው የሚቆሙ 8 ወይም 10 ዘፈኖች ካሉህ ስለ መውጣት እናውራ። 3 ብቻ ከሆኑ እዚያው ባንዱ ውስጥ ሆነህ ጻፍ። ለደራሲ በየሳምንቱ አዲስ ዜማውን የሚሞክሩለት 3 ጓደኞች ማግኘት ቀላል ነገር አይደለም።

እንግሊዛዊው ዘፋኝ ስቲንግ በወጣትነቱ አስተማሪ ነበር። ቀን ያስተምራል፣ ማታ ጃዝ ይጫወታል። እሱ የነበረበት ዘ ፖሊስ የተባለው የሮክ ባንድ የተመሠረተው እ.ኤ.አ. በ1977 ነው። እስከ 1983 ድረስ 5 አልበሞች አወጡ፤ አብዛኞቹን ዘፈኖች የደረሰው እሱ ነበር። የመጀመሪያ የግል አልበሙ የወጣው በ1985 ነው። ያኔም ቢሆን ለብቻው አልቆመም። የጃዝ ሙዚቀኞችን ሰብስቦ ሌላ ዓይነት ድምፅ ፍለጋ ነው የሄደው። አንተ በደብዳቤህ ላይ ስለ ክፍያው ጽፈሃል፤ ስለምትፈልገው ድምፅ ግን አንድም ቃል የለም። እኔን ያሳሰበኝ እሱ ነው።

የከተማህን ልጅ ዓሊ ቢራንም አስብ። ገና በልጅነቱ እዚሁ ድሬ አፍረን ቀሎ የተባለው የሙዚቃ ቡድን ውስጥ ገባ። ከዚያ አዲስ አበባ ሄዶ በክቡር ዘበኛ ሙዚቃ ክፍል ሠራ። በራሱ ስም የገነነው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። ኦሮምኛ፣ አማርኛ፣ ሐረሪና ሶማሊኛ ዘፍኗል። አዲስ አበባ ገባ ብሎ ድሬን ከድምፁ ውስጥ አላወጣትም። አንተም ከከዚራ ተነስተህ መጋላ እስክትደርስ ስንት ቋንቋ፣ ስንት ዓይነት ምት ትሰማለህ? ይህን ሮክህ ውስጥ አስገባው። የሮክ ጊታር ሶሎ ብዙ ጊዜ የሚሠራው ባለ 5 ድምፅ ስኬል ላይ ነው፤ የኛም ቅኝቶች ባለ 5 ድምፅ ናቸው። ከነሱ አንዱን፣ ባቲ ቅኝትን፣ በዲስቶርሽን ሞክረው እስቲ። በአማርኛ ሮክ አይሆንም የሚሉህንም አትስማ፤ ጃኖ ባንድ እ.ኤ.አ. በ2012 የመጀመሪያ አልበሙን ከአሜሪካዊው ፕሮዲውሰር ከቢል ላስዌል ጋር ሠርቶ ሲያወጣ ሰው ሰምቶታል።

አሁን ወደ ገንዘቡ። ለ4 ሲካፈል ያንሳል፣ ልክ ነህ። ግን ባንድ ውስጥ ኪሳራውም ለ4 ነው የሚካፈለው። በራስህ ስም ስትሠራ ድራመሩም ቤዚስቱም ያንተ ተከፋይ ናቸው። ሆቴሉ ከፈለህም አልከፈለህም እነሱ ይከፈላሉ። የልምምድ ቦታ፣ የዕቃ ማጓጓዣ፣ ስቱዲዮ፣ ቅንብር፣ ሚክሲንግ፣ ሁሉም ካንተ ኪስ ነው። ዛሬ ከሆቴሉ ሥራ አስኪያጅ ጋር ዋጋ የሚነጋገረው ማን ነው? አንተ ካልሆንክ ከመውጣትህ በፊት ይህንን ተማር።

አንድ የሚቆጨኝን ነገር ልንገርህ። እኔም በወጣትነቴ ባንድ ውስጥ ኪቦርድ እጫወት ነበር። ስንለያይ የአንድ ዘፈን ዜማ የማን ነው በሚል ተጣላን። ምንም የጻፍነው ወረቀት አልነበረም። ዘፈኑ ሳይቀዳ ቀረ። ከድራመራችን ጋርም ለዓመታት ሰላም አልተባባልንም። ዘፈኑን ረስቼዋለሁ፣ ጓደኛዬን ግን አልረሳሁትም።

ስለዚህ ወረቀት ይኑራችሁ። በቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት (በኋላ በአዋጅ ቁጥር 872/2007 ተሻሽሏል) የደራሲው ኢኮኖሚያዊ መብት በሕይወት እስካለ፣ ካለፈ በኋላም ለ50 ዓመት ይጠበቃል። አብራችሁ የደረሳችሁት ሥራ ግን የጋራችሁ ነው። የተጫወቱት ልጆችም እንደ ከዋኝ የራሳቸው መብት አላቸው። ማለትም ዜማው ያንተ ቢሆን እንኳን እነሱ የተጫወቱበትን ቅጂ ዝም ብለህ በስምህ መልቀቅ አትችልም። ሕጉ የሚጠብቀው የተጻፈን ወይም የተቀዳን ሥራ ስለሆነ፣ ጭንቅላትህ ውስጥ ያለውን ሁሉ በስልክህም ቢሆን ቅዳውና ቀኑን ያዝ።

አንድ ጠዋት ፉል እየበላችሁ አራታችሁ ተነጋገሩ። በእያንዳንዱ ዘፈን ፊት ግጥም የማን፣ ዜማ የማን፣ ቅንብር የማን ብላችሁ ጻፉና ፈርሙ። ያቺን የጊታር መግቢያ ያመጣው ሌላው ልጅ ከሆነ ስሙን ጻፍለት። አቦ፣ በዚህ አትሰስት!

ለጓደኞችህም እውነቱን ንገራቸው። “አንድ ነጠላ ዜማ በስሜ ላወጣ ነው፣ ባንዱ ግን ይቀጥላል” በላቸው። ከሌላ ሰው ከሚሰሙት ካንተው ይስሙት። ከዚያ እዚሁ ድሬ አንድ ምሽት በራስህ ዘፈኖች ብቻ ሥራ። ሆቴሉ እሺ ካላለህ እንደ አሊያንስ ኢትዮ-ፍራንሴዝ ያለ የባህል ማዕከል ሄደህ ጠይቅ። 30 ሰው ቢመጣ ይበቃሃል። አዲስ አበባን ለክረምቱ አቆየው። በባቡር ሂድና 2 ሳምንት ቆይ፤ የሚሠሩ ባንዶችን ስማ፣ ከአቀናባሪዎች ጋር ተዋወቅ፣ የስቱዲዮ ዋጋ ጠይቅ፣ ከዚያ ለትምህርትህ ተመለስ።

በአኮስቲክ የዘፈንካቸውን ቅጂዎች ላክልኝ። የቱ ላይ ቤተሰብህ ጸጥ እንዳለ አትንገረኝ፤ መጀመሪያ እኔ ልስማው።