የልጄን የወተት ጥርስ ባስቀምጥ ኃጢአት ይሆንብኛል?

ጥያቄ፦ መምህር፣ እንደምን ሰነበቱ? የምኖረው ቨርጂኒያ ነው። የሰባት ዓመት ልጄ የፊት ጥርሱ እየተነቃነቀ ነው። ጥርስ ሐኪም ቤት ስወስደው አንድ ወረቀት ሰጡኝ። የሚወድቀውን ጥርስ ለስቴም ሴል (ገና ሥራው ላልተለየና ወደ ሌላ ዓይነት ሊለወጥ ለሚችል ሕዋስ) ብሎ በቅዝቃዜ የሚያስቀምጥ ድርጅት አለ፤ ልጁ ወደፊት ቢታመም መታከሚያ ይሆነዋል ይላል። ለእናቴ ስነግራት ተቆጣች። «ጠበል እያለልሽ የፈጣሪን ሥራ ትሻሚያለሽ?» አለችኝ። እኔም ስቴም ሴል ከፅንስ የሚወሰድ ነው ሲባል ሰምቻለሁ። ምን ይመክሩኛል?

መልስ፦ እኅቴ፣ የፅንሱን ነገር አስቀድመን እንጨርሰው። ስጋትሽ ከመሬት የተነሣ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1998 ተመራማሪዎች ከሰው ፅንስ ስቴም ሴል አውጥተው በላቦራቶሪ አባዝተዋል። በዚያ መንገድ ፅንሱ ይጠፋል። ይህን አልባርክልሽም። የልጅሽ ጥርስ ግን ከዚህ ጋር አይገናኝም። በራሱ ጊዜ የሚወድቅ ጥርስ ነው፤ ማንም አይሞትበትም።

የእናትሽ ቃል ግን ረዘም ያለ መልስ ይፈልጋል። ይህን ሐሳብ ሳልሰማ ያለፍኩበት ዓመት ትዝ አይለኝም። ሰው መድኃኒት ከያዘ እግዚአብሔርን የተጠራጠረ ይመስለዋል። አንድ ጊዜ ጠበል ቦታ አንዲት እናት ወደ እኔ መጡ። የነጠላቸውን ጫፍ ፈቱና ቋጥረው የደበቁትን ክኒን አሳዩኝ። ጠበሉን የሚጠጡት ፊት ለፊት ነው፤ ክኒኑን ግን ማታ፣ በጨለማ፣ እየተሸማቀቁ። «አባቴ፣ እግዚአብሔር ይቀየመኝ ይሆን?» አሉኝ። እጃቸው ይንቀጠቀጥ ነበር። በበሽታው ላይ ይህን ፍርሃት የጨመርንባቸው እኛው ነን። ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ እንኳ በ1999 ዓ.ም. የኤችአይቪ መድኃኒት ከጠበል ጋር መወሰድ እንደሚችል በአደባባይ አስተምረዋል። ብዙ ሰው መድኃኒቱን እየጣለ ይሞት ስለነበር ነው።

ንጉሡን ሕዝቅያስን አስቢው። ሊሞት ነው ተብሎ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረና አለቀሰ። እግዚአብሔርም እንባውን አየ፤ እፈውስሃለሁ አለው፤ በዕድሜው ላይም 15 ዓመት ጨመረለት። ተስፋው ከአምላክ አፍ ወጥቷል፤ ከዚህ በላይ ምን ዋስትና አለ? ኢሳይያስ ግን ወዲያው ምን አለ? የበለስ ጥፍጥፍ አምጡልኝ አለ። አምጥተው በእባጩ ላይ አደረጉለት፤ ዳነም (2ኛ ነገ. 20፥1-7)። ነቢዩ በለሱን ያስመጣው የአምላኩን ቃል ተጠራጥሮ ነው እንላለን? በጭራሽ። በለሱን የፈጠረው ያው ተስፋውን የሰጠው ጌታ ነው። ሲራክም መድኃኒትን ከምድር ያወጣ እግዚአብሔር ነው፤ ብልህ ሰው አይንቀውም ይለናል (ሲራክ 38፥4)።

እናትሽ «መሻማት» ያሉትንም ቀረብ ብለን እንየው። እ.ኤ.አ. በ2003 ሶንግታኦ ሺ የሚባል የልጆች ጥርስ ሐኪምና ተመራማሪ ከባልደረቦቹ ጋር አንድ ጥናት አወጣ። ነገሩ የተጀመረው ከገዛ ሴት ልጁ የወተት ጥርስ ነው። የወተት ጥርስ ሲወድቅ ሥሩ አብዛኛው አልቆ ነው የሚወጣው። ገልብጠሽ ብታዪው ውስጡ ቀይ የሥጋ ብጣሽ ታገኛለሽ። እዚያች ብጣሽ ውስጥ ነው ስቴም ሴል የሚባሉትን ሕዋሳት ያገኟቸው። ከአንድ የፊት ጥርስ 12 እስከ 20 የሚሆኑ ብቻ ናቸው። ገና ሥራቸው አልተለየም። በላቦራቶሪ ሲመገቡ ይበዛሉ፤ የጥርስን ጠንካራ ክፍል ወደሚሠሩ፣ ወደ ስብና የነርቭ ጠባይ ወዳላቸው ሕዋሳትም ይለወጣሉ። እነዚህን እዚያ ያኖራቸው ማን ነው? ሰውየው አልፈጠራቸውም፤ አገኛቸው እንጂ። እኛ ጣሪያ ላይ እየወረወርን ባደግነው ጥርስ ውስጥ አምላክ ይህን አስቀምጦ ነበር። እኔ ይህን ሳነብ «ግሩምና ድንቅ ሆኜ ተፈጥሬአለሁ» የሚለው መዝሙር ነው አፌ ላይ የመጣው።

ሥራ ላይ መዋሉም ተጀምሯል። በቻይና ወድቀው ወይም ተመተው የፊት ጥርሳቸው ውስጡ የሞተባቸው ልጆች ነበሩ። ከራሳቸው የወተት ጥርስ የተወሰደ ሕዋስ ተባዝቶ በተጎዳው ጥርስ ውስጥ ተተከለላቸው። ከዓመት በኋላ ሲታይ ጥርሱ ውስጥ የደም ሥር በቅሏል፤ ስሜቱም ተመልሷል። እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ ነው።

አሁን ግን ወደ አንቺ ልዙር፤ ጠንከር ብል አትቀየሚኝ። ያ ወረቀት «ወደፊት ቢታመም» ሲል ብዙ በሽታ ጠቅልሎ ነው። ዛሬ ከሐኪም ቤት ሄደሽ በልጅሽ የወተት ጥርስ ስኳርን ወይም የልብ በሽታን አታስፈውሺም። ገና በምርምር ላይ ያለ ነገር ነው። ስለዚህ ለማስቀመጥ ስንት እንደሚጠይቁሽ፣ በየዓመቱም ስንት እንደምትከፍዪ አጣሪ። ለዚህ ብለሽ አትበደሪ፤ የቤት ኪራይሽን አትንኪ። ከሁሉ በላይ ደግሞ እንደ ክታብ አትያዢው። «ጥርሱ በረዶ ቤት አለ፣ እንግዲህ ልጄን ምን ይነካዋል?» ማለት ከጀመርሽ፣ እናትሽ የፈሩት ነገር ያኔ በሌላ በር ገብቷል። ልጅሽን ማታ ማታ አማትበሽ ማስተኛትሽን ጥርሱ አይተካልሽም።

አቅሙ ካለሽና ለማስቀመጥ ከወሰንሽ ጥርሱ ሳይወድቅ ሐኪሙን አነጋግሪ፤ ወድቆ ከደረቀ ሕዋሳቱ ይሞታሉ። ካልወሰንሽም ልጁ እንደ እናቱ ጣሪያ ላይ ይወርውረው። በየትኛውም በኩል ለንስሐ አባትሽ የምትናዘዢው ኃጢአት የለበትም። ለእናትሽ ግን ዛሬውኑ ደውዪላቸው፤ የሕዝቅያስን ምዕራፍ በስልክ አብራችሁ አንብቡት።