ባንኩን ልያዝ ወይስ ምርምሩን?

እህቴ፣ ከመሐል ሜዳ የላክሽልኝን ደብዳቤ ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ዘንድሮ በዕፅዋት ሳይንስ ተመርቀሻል። ደብረ ብርሃን ባንክ ውስጥ ሥራ አግኝተሻል። በሌላ በኩል አንድ የግብርና ምርምር ማዕከል ለጀማሪ ተመራማሪ ማስታወቂያ አውጥቷል። አባትሽ «ባንኩን ያዢ፣ ከጭቃ አውጥቼ ያስተማርኩሽ መልሰሽ ጭቃ ልትገቢ ነው?» ብለውሻል። አንቺ ደግሞ እንዲህ ትጠይቂኛለሽ፦ «ጋሼ፣ ደመወዙ የታወቀ ነው። ታዲያ ሰዎች ምን አግኝተው ነው ዕድሜያቸውን ምርምር ላይ የሚጨርሱት?»

በመጀመሪያ ስለ ብሩ። አባትሽ አልተሳሳቱም። አበል ይዘገያል። ለቤተ ሙከራ የታዘዘ ዕቃ ወራት ይፈጃል። መኪና ጠፍቶ የመስክ ቀን ያልፋል። ቤተሰብሽ ያንቺን ደመወዝ ዛሬ የሚጠብቅ ከሆነ ባንኩን ያዢ፤ ነውር የለውም። የምጽፍልሽ መምረጥ ከቻልሽ ነው።

እኔ ወደ ምክር ሥራ ከመግባቴ በፊት ሁለት ክረምት ለባቄላ ምርምር መረጃ ሰብሳቢ ሆኜ ሠርቻለሁ። ጉሙ ሳይነሳ ማሳው ላይ እንደርሳለን። ጥቁሩ አፈር ቦቲ ላይ ተጣብቆ እግር አያስነሳም። የምንጽፈው በእርሳስ ነው፤ እስክሪብቶ ዝናብ ሲነካው ይለቃል። አንድ ጠዋት ስንደርስ በጎች አድረውበት ሁለት መደብ ሙልጭ አድርገው ግጠውታል። ደነገጥኩ። ከጎን ያለውን መደብ አይቼ ተቀራራቢ ቁጥር ልሞላ ስል፣ አብራኝ የነበረችው ተመራማሪ እጄን ያዘችኝ። «በግ በላው ብለህ ጻፍ» አለችኝ።

ብሞላው ማንም አያውቅም ነበር። እሷ ግን ለዚያ ሙከራ ስድስት ወር ለፍታ፣ የጎደለውን ጎደለ ብላ አስጻፈችኝ። ከዚያ ወዲህ ብዙ መሥሪያ ቤት አይቻለሁ። አለቃ ደስ እንዲለው ቁጥር የማይሳመርበት ሥራ ስንት ነው? ጥሩ ተመራማሪ ማታ ሲተኛ ይህን ይዞ ይተኛል። ለኔ ከደመወዝ የሚተካከል ነገር ይሄ ነው።

ሌላው ደስታ ጥያቄው ራሱ ነው። ቆርምድን ታውቂዋለሽ። የባቄላው ቅጠል ላይ አረንጓዴ እባጭ ይወጣል፣ ኋላ ቡናማ ይሆናል፣ ተክሉም ይኮማተራል። ይህ በሽታ በኛ ደጋ ጎልቶ የታየው እ.ኤ.አ. ከ2010 ገደማ ወዲህ ነው። ለዓመታት መንስኤው ኦልፒዲየም የሚባል ፈንገስ ነው ተብሎ ተጻፈ። በኋላ ተመራማሪዎች የዘረመል ምርመራ አድርገው እ.ኤ.አ. በ2021 ባሳተሙት ጥናት፣ እውነተኛው መንስኤ ፊዞደርማ የሚባል ሌላ ፈንገስ እንጂ ኦልፒዲየም አይደለም አሉ።

«ስሙ ቢለወጥ ለገበሬው ምን ሊፈይድለት?» ትይ ይሆናል። ጠላትሽን በሌላ ሰው ስም ስትፈልጊው ብትውዪ አታገኚውም። የት እንደሚከርም፣ በምን እንደሚዛመት፣ የቱ መድኃኒት እንደሚይዘው የሚጠናው ማንነቱ ሲታወቅ ነው። ደግሞ እይው፦ በየጽሑፉ የሰፈረውን ነገር «እስቲ እንደገና እንየው» ያለ ሰው ባይኖር ስህተቱ እንዳለ ይቀጥል ነበር። ገና ያልተመለሰ ብዙ አለ። ከሚጠይቁት አንዷ አንቺ ልትሆኚ ትችያለሽ።

የመንዝ ልጅ ነሽና የበጉን ነገር ሳላነሳ አላልፍም። ቶሎ ያደገው ጠቦት ቶሎ ገበያ ይወጣል፤ ለመንጋው የሚቀረው ደካማው ነው። እ.ኤ.አ. በ2009 መንዝ ላይ በተጀመረው የማኅበረሰብ በግ እርባታ፣ ተመራማሪዎች ክብደትና የዘር መዝገብ ይዘው ገበሬዎቹ ጋር ቁጭ አሉ። ገበሬዎቹ ደግሞ ቀለሙን፣ ጅራቱን፣ ቁመናውን አይተው አብረው አውራ መረጡ። ጥሩው አውራ ሳይሸጥ ለመንጋው ቀረ። እዚህ ሥራ ውስጥ መምህር ማን ተማሪ ማን እንደሆነ ይጠፋሻል፤ እኔ እሱን እወደዋለሁ።

የሚያመውንም ልንገርሽ። ዓመት ሙሉ ደክመሽ «ልዩነት አልታየም» የሚል ውጤት ታገኛለሽ። ያኔ ማልቀስ ያምርሻል። ቢሆንም ገበሬው የማይሠራለትን መድኃኒት በብድር እንዳይገዛ ያደረገው ያው ውጤት ሊሆን ይችላል።

ማመልከቻውን አስገቢ። ማስገባቱ ባንኩን አያሳጣሽም። ለቃለ መጠይቅ ከጠሩሽ ከደመወዙ በፊት «በማን ሥር ነው የምሠራው?» ብለሽ ጠይቂ። «በግ በላው ብለህ ጻፍ» የሚል ሰው ሥር መግባትና ቁጥር አሳምሩ የሚል ሰው ሥር መግባት ለየቅል ነው።

እስከዚያው ዛሬ ማታ አባትሽ ቡና ሲጠጡ ደብተር ይዘሽ አጠገባቸው ቁጭ በይ። ቆርምድን መጀመሪያ ያዩት መቼ ነው? ከየትኛው ማሳ ጀመረ፣ ከላይኛው ወይስ ውኃ ከሚተኛበት? ዘሩን ያመጡት ከየት ነበር? እሳቸው ሲመልሱልሽ ሌላ ጥያቄ እየመጣብሽ መተኛት ካቃተሽ፣ ማስታወቂያው ሳይዘጋ ጻፊልኝ፤ ማመልከቻውን አብረን እናየዋለን።