ሐኪምዎን ይጠይቁ፦ ለጉልበቴ መርፌ ብዬ ባጃጄን ልሽጥ?

ጥያቄ፦ ሰላም ዶክተር። የ27 ዓመት ወጣት ነኝ፤ ኮምቦልቻ ባጃጅ እነዳለሁ። ከስምንት ወር በፊት ኳስ ስንጫወት ቀኝ ጉልበቴ ተጠመዘዘና “ጧ” አለ። ሌሊቱን አብጦ አደረ። ወጌሻ ሁለቴ አሸኝ፣ እብጠቱ ጎደለ። ቁልቁለት ስወርድ ግን አሁንም ይከዳኛል። ኤምአርአይ ተነሥቼ የፊተኛው አቋራጭ ጅማት ተበጥሷል፣ ሜኒስከሱም (በጉልበት አጥንቶች መሃል ያለው ትራስ) ትንሽ ተሰንጥቋል ተባልኩ። ሐኪሙ ቀዶ ጥገና አዘዘልኝ። ጓደኛዬ ደግሞ ቲክቶክ ላይ ከራስ ደም የሚሠራ መርፌ አይቷል፤ ውጭ አገር ስቴም ሴል (ወደ ሌላ ዓይነት ሴል መለወጥ የሚችል የሰውነት ሴል) ተወግተው የዳኑም አሉ አለኝ። ባጃጄን ሸጬ ልሞክረው?

መልስ፦ አብሽሩ። ባጃጁ ግን ለጊዜው ይቆይ።

ቢላ የሚፈሩት እርስዎ ብቻ አይደሉም። እኛ ጋ ደሴ “ቀዶ ጥገና” ሲባል የታካሚው ፊት ወዲያው ይለዋወጣል። አብረው የመጡት እናት “ሌላ መላ የለውም የኔ ጌታ?” ይላሉ። መርፌው ተወዳጅ የሆነውም ለዚህ ይመስለኛል።

ከራስ ደም የሚሠራው መርፌ ፒአርፒ ይባላል። ከክንድዎ ጥቂት ደም ይቀዳና በማሽን ይሽከረከራል። ማሽኑ ሲቆም ደሙ ተለያይቶ ያገኙታል። ቀዩ ከታች ይዘቅጣል፣ ከላይ ብርዝ የመሰለ ቢጫ ውሃ ይቀራል። ደም የሚያረጉት ፕሌትሌቶች ከዚያ ውስጥ ተሰብስበው መገጣጠሚያው ውስጥ ይወጋሉ። ፕሌትሌት ቁስል ሲሽር የሚረዱ ንጥረ ነገሮችን ያመነጫል፤ ተስፋውም ይኸው ነው። ደሙ የራስዎ ስለሆነ አለርጂ ብዙም አያሰጋም። ንጽሕናው ከጎደለ ግን መገጣጠሚያ ውስጥ መግል ይቋጥራል፣ ያ ደግሞ ቀልድ አይደለም።

ይሠራል ወይ? እንደ ሕመሙ ነው። ለቆየ የክርን ጅማት ሕመምና መለስተኛ ለሆነ የጉልበት መበላት የተሻላቸው ሰዎች አሉ። በ2021 ግን አውስትራሊያ ውስጥ ጉልበታቸው የተበላ 288 ሰዎችን ለሁለት ከፍለው፣ ለግማሾቹ ፒአርፒ፣ ለግማሾቹ ተራ የጨው ውሃ ወጉ። ከዓመት በኋላ በሕመምም በአጥንት ልባሱ (በካርቲሌጁ) መጠንም ይህ ነው የሚባል ልዩነት አልተገኘም። የጨው ውሃ የተወጉትም “ተሻለን” ብለዋል!

የእርስዎ ነገር ደግሞ ሌላ ነው። የባጃጅ ፍሪሲዮን ገመድ ሲበጠስ ዘይት ቢያፈሱበት አይቀጠልም። የተበጠሰ አቋራጭ ጅማትም መርፌ ስለተወጋ ተመልሶ እንደሚገጥም የሚያሳይ አስተማማኝ ማስረጃ የለም። መርፌ ሕመም ያስታግሥ ይሆናል፣ የሚከዳ ጉልበት ግን አያቆምም። ስቴም ሴሉንም ከዚሁ ይቁጠሩት። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ለመገጣጠሚያ ጉዳት ብሎ የፈቀደው የስቴም ሴል መርፌ የለም፤ እንዲያውም ሰው እንዳይታለል ያስጠነቅቃል። ለዚህ ብሎ ባጃጅ መሸጥ ለእኔ አይዋጥልኝም።

ታዲያ ቀዶ ጥገናው ግድ ነው? በ2022 የታተመ የብሪታንያ ጥናት እንደ እርስዎ ጅማታቸው ተበጥሶ ጉልበታቸው የሚከዳቸውን 316 ሰዎች ተከታትሏል። ግማሾቹ በቀዶ ጥገና፣ ግማሾቹ በፊዚዮቴራፒ (በባለሙያ በሚመራ የአካል እንቅስቃሴ) ጀመሩ። በአማካይ የተሻለ ውጤት ያገኙት ቀዶ ጥገና የተመደበላቸው ናቸው። በፊዚዮቴራፒ ከጀመሩት ውስጥም 41 በመቶዎቹ ኋላ ላይ ቀዶ ጥገና ተደርጎላቸዋል። የቀሩት ግን ያለ ቀዶ ጥገና ከረሙ።

በጥያቄዎ ውስጥ አንድ ነገር ፈልጌ አጣሁ። እብጠቱ ከጎደለ ወዲህ የጭን ጡንቻዎን አሠርተውታል? ካልሆነ ከዚያ እንጀምር፤ ሦስት ወር ያህል፣ በፊዚዮቴራፒ ባለሙያ እየታዩ። ጀርባዎን ግድግዳ አስደግፈው በግማሽ ቁጭ ይበሉ፣ እስከ አሥር ቆጥረው ይነሡ። ቤት ውስጥ ቡና እስኪፈላ በታመመው እግር ብቻ ይቁሙ፤ አጠገብዎ የሚይዙት ነገር ይኑር። ቀላል ይመስላል፣ ሲሞክሩት እግሩ ይንቀጠቀጣል። ኳስ ለጊዜው የለም። ወጌሻውም ይብቃ፤ የተበጠሰ ጅማት በመታሸት አይገናኝም።

ከዚያ በኋላም መክዳቱ ካልተወዎት ቀዶ ጥገናውን አያዘግዩ። በከዳ ቁጥር የሜኒስከሱ ስንጥቅ እየሰፋ ሊሄድ ይችላል፤ ጉልበቱንም ያለ ዕድሜው የሚያስረጀው ይኼ ነው። ጉልበቱ ድንገት ተቆልፎ አልዘረጋ ካለ ግን ሦስት ወር አይጠብቁ፣ ወዲያው ይምጡ። ትኩሳትና እብጠት አብረው ከመጡም እንደዚያው። ሲመጡ ወረቀቱን ብቻ ሳይሆን የኤምአርአዩን ፊልምም ይያዙ።

ቀኝ ጉልበት ስለሆነ ቀዶ ጥገና ከተደረገልዎ ለሳምንታት ፍሬን መርገጥ አይችሉም፤ ብዙ ጊዜ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ነው። ባጃጁን የሚነዳልዎት የሚያምኑት ሰው ከወዲሁ ያስቡ።